የሐረጎ ዳገትና የሚጠፉ ሞተሮች

ታሪክ ሲጻፍ "ደረሰ" ይባላል እንጂ የት ቆሞ እንዳደረ አይጻፍም፡፡ ንጉሡ ደሴ ገቡ፣ ጦሩ ደሴን ያዘ፣ ጭነቱ ደሴ ደረሰ… ይባልና ታለፈ፡፡ በመሐል ግን ሌላ ሰዓት አለ፡፡ ሞተሩ ታንቆ የጠፋበት፣ ረዳቱ እንጨት ይዞ ከኋላ ጎማ ሥር የተወረወረበት፣ ራዲያተሩ እንደ ጀበና የተንተከተከበት ሰዓት፡፡ እኛ ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ሰዓት ነው፡፡

ቦታው ይታወቃል፡፡ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፡፡ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝታለች፡፡ ደሴ ደግሞ ጦሳን ተደግፋ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፡፡ ከቦርከና ሜዳ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የያዘ መኪና በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው፡፡ ያገለገለ መኪና የገዛ ያገራችን ሰው ይህችን መንገድ በደንብ ያውቃታል፡፡ ኮምቦልቻ ላይ "ምንም አይለውም" የተባለ መኪና ሐረጎ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ይንተፋተፋል፤ ከዚያ ድንገት ጭጭ፡፡ ግማሽ ሰዓት ዳር ይዞ ከቆመ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ ይሄዳል፡፡ ባለቤቱ "ዓይን ነው" ይላል፡፡ ደላላው "ዳገቱ ነው" ይላል፡፡ መካኒኩ "እስቲ ይደር" ይላል፡፡

የኛ ክርክር አጭር ናት፡፡ ዳገቱ መኪና አይገድልም፡፡ ዳገቱ መርማሪ ነው፡፡ ሜዳ ላይ የተደበቀውን የቆየ በሽታ አውጥቶ ያሳያል እንጂ አዲስ በሽታ አይፈጥርም፡፡ ይህንን ደግሞ ከኛ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች ያውቁት ነበር፡፡ ችግሩ ያወቁትን ማንም አልጻፈላቸውም፡፡ እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ፡፡

መኪናው ደረሰ፣ መንገዱ ቀረ

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፡፡ ይዞት የመጣው ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ከጅቡቲ ተነስቶ ለመኪና የተሠራ መንገድ ያልነበረበትን አገር አቋርጦ፣ በሰው ጉልበት እየታገዘ ነው የደረሰው፡፡ የአገራችን የመኪና ታሪክ የተጀመረው እንግዲህ መኪናው ሰውን ተሸክሞ ብቻ ሳይሆን ሰውም መኪናውን እየረዳ ነው፡፡ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይደገማል፤ ያዙልን፡፡

ወሎ ላይ መኪናና ዳገት በትልቁ የተፋጠጡት በ1928 ዓ.ም. ነው፡፡ በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ለመምራት ወደ ደሴ መጡ፡፡ ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፡፡ መጋቢት 22 የማይጨው ውጊያ ሆነ፡፡ ሚያዝያ 7 ጣሊያን ደሴን ያዘ፡፡

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፡፡ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ለመገስገስ ከ1500 በላይ ተሽከርካሪ አሰለፈ፡፡ ፋሺስቶቹ ሰልፉን "የብረት ፈቃድ ጉዞ" ብለው ሰየሙት፡፡ ስሙ ያስፈራል፡፡ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ ዋናው ሰልፍ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ሲሆን ከሳምንት በላይ ፈጅቶበታል፡፡ ብታካፍሉት በቀን 50 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም፡፡ ደህና በቅሎ ያለው የወሎ ነጋዴ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር፡፡

ምን ያዘው? ጣርማ በር ያዘው፡፡ መንገዱ ተቆርጦ ነበር፤ ዝናቡ ወርዶ ጭቃ ሆኗል፤ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፡፡ በዚያ ከፍታ ላይ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከነበረው ጉልበት ሲሶውን ያህል ያጣል፡፡ የብረቱ ፈቃድ ባለቀበት የሰው ትከሻ ገባ፡፡ ወታደሩና አስካሪው ካሚዮኑን በገመድ እየጎተተ፣ ከኋላ እየገፋ አሳለፈው፡፡ ጣሊያኖች በኋላ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ወግተው ዋሻ የሠሩት ይህ ስላልተረሳቸው ነው ብንል አልተጋነነም፡፡

አምስት ዓመት ቆይቶ ጨዋታው ተገለበጠ፡፡ በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች መድፋቸውን ከኮምቦልቻ በላይ ባሉት ከፍታዎች ላይ አጥምደው ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ዘጉ፡፡ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆኖ ለቀናት ተዋግቶ ነው ከፍታዎቹን ያስለቀቀው፡፡ ደሴ የተያዘችው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ያው ዳገት አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው ጠላት ሆነ፡፡ ዳገት ወገን የለውም፡፡

ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ቀረ

እስቲ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆማችሁ አድምጡ፡፡ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ናፍጣ… ሁሉም ጣሊያንኛ ነው፡፡ መፍቻው እንኳን ሳይቀር፤ ካቻቪቴው፣ ፒንሳው፣ ክሪኩ፡፡ ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ መንገዱን፣ ካሚዮኑንና ቃሉን ጥሎ ሄደ፡፡ የኛ ሰው ደግሞ ሦስቱንም ወስዶ የራሱ አደረጋቸው፡፡

"ሹፌር" ግን ከፈረንሳይኛ ነው፡፡ የቃሉ መነሻ "የሚያሞቅ" ማለት ነው፤ በእንፋሎት ሞተር ዘመን እሳት ለሚያነደው ሠራተኛ የተሰጠ ስም ነበር፡፡ ሐረጎ ላይ ከነፈላ ራዲያተሩ ቆሞ ለሚታይ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም፡፡

ከካሚዮኖቹ ውስጥ በዕድሜ የገፉት የሚያስታውሱት ትሬንታ ኳትሮ የተባለውን ነው፡፡ ፊያት 634 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ፣ በናፍጣ የሚሠራ ከባድ ካሚዮን፡፡ ከሱ በኋላ የመጣውና አገሩን የሞላው ደግሞ ፊያት 682 ነው፤ የኛ ሰው ኤን ትሬ የሚለው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተሠራ ሲሆን ኤን ትሬ የተባለው ዓይነት የወጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፡፡ ስድስት ሲሊንደር፣ ከአሥር ሊትር በላይ የሆነ ሞተር፡፡ ዳገት ላይ ሲወጣ ከጎኑ እየሄዱ ቆሎ መቆርጠም ይቻላል የሚባልለት ነበር፡፡ ግን ይወጣል፡፡

ይህ ካሚዮን ከየት ነበር የሚመጣው? ከአሰብ፡፡ የአሰብ መንገድ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ላይ ነው የሚወጣው፡፡ ይህ ማለት አንድ ጭነት ከባሕር ጠለል ተነስቶ፣ የአፋርን ሙቀት አቋርጦ፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ከዜሮ ወደ 1850 ሜትር ወጥቷል፡፡ ደሴ ለመድረስ ደግሞ ሐረጎ ይጠብቀዋል፡፡ አሰብ ላይ በእ.ኤ.አ. 1967 ሥራ የጀመረው ነዳጅ ማጣሪያም ነበር፤ የተዘጋው በ1997 ነው፡፡ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1990 ዓ.ም. ግንቦት፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በርም ተዘጋብን፡፡ መንገደኛው ሚሌ ላይ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፡፡ ሐረጎ ግን አልተነቃነቀም፡፡

ታሪኩ የማያነሳው ሰው ረዳቱን ነው፡፡ ረዳት ማለት በዚያ ዘመን ታኮ የሚይዘው ልጅ ነበር፡፡ ታኮ የኋላ ጎማ ሥር የሚገባ ሽብልቅ እንጨት ነው፡፡ ካሚዮኑ ዳገት ላይ ሲያቃስት ረዳቱ ይወርዳል፤ ታኮውን ይዞ ከኋላ ይከተላል፡፡ ሞተሩ የጠፋ እንደሆነ ያች እንጨት ናት በካሚዮኑና በገደሉ መሐል የምትቆመው፡፡ ስለ ባዶሊዮ ካሚዮኖች ቁጥር መጻሕፍት ይናገራሉ፡፡ ስንት ረዳት ታኮ ሲያስገባ እጁን እንዳጣ የሚናገር መጽሐፍ ግን አላጋጠመንም፡፡

አየሩ፣ ሙቀቱ፣ ነዳጁ

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ፡፡ (ቴክኒክ የሚሰለቻችሁ ትንሽ ታገሱን፤ ኪሳችሁን የሚነካ ነው፡፡)

ሞተር ይተነፍሳል፡፡ ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ ከአየር ጋር ነው የሚነደው፡፡ ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲወዳደር ሩብ ያህሉን አጥቷል፡፡ ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ሲደርስ 75 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው የሚቀረው፡፡ አዲስ ሞተር ሆነ አሮጌ ለውጥ የለውም፤ የተፈጥሮ ግብር ነው፤ ሁሉም ይከፍላል፡፡ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ 2240 ሜትር ላይ ናት፡፡ ከቆላ አገር የመጡት ሯጮች በዚያ ኦሎምፒክ በረጅም ርቀት ሲንገዳገዱ የታዩት በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ ደሴ ከሜክሲኮ ሲቲ ትበልጣለች፡፡

ልዩነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፡፡ ጤነኛ ሞተር ሩቡን ሲከፍል የሚቀረው ይበቃዋል፡፡ ፊልትሮው በአቧራ የታፈነ፣ ካንዴላው ያለቀ፣ ፋሻው የላላ ሞተር ግን ኮምቦልቻ ላይ ቀድሞውኑ ሌላ ሩብ አጉድሏል፡፡ ሜዳ ላይ ማንም አላወቀበትም፤ ምክንያቱም ሜዳ ላይ የሚፈለግበት ጥቂት ነው፡፡ ሐረጎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲጠይቀው ባዶ ኪሱን ገልብጦ ያሳያል፡፡

ካርቡሬተር ባለው መኪና ላይ ሌላም አለ፡፡ ካርቡሬተር ከፍታ አያውቅም፡፡ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሚችለው በላይ እየጠጣ ይታነቃል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፡፡ የጥንት መካኒኮች ለቆላና ለደጋ ለየብቻ ያስተካክሉት ነበር፡፡

ሁለተኛው ሙቀት ነው፡፡ ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል፡፡ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ንፍሮ የሚቀቅሉ እናቶቻችን ይህንን ቴርሞሜትር ሳይዙ ያውቁታል፤ ፈላ ማለት በሰለ ማለት አይደለም፡፡ ራዲያተሩ በክዳኑ ግፊት ስለሚታፈን ውሃው እስከ መቶ አልፎ ሳይፈላ ይቆያል፡፡ የክዳኑ ሞላ የደከመ እንደሆነ ግን ራዲያተሩ እንደ ተራ ድስት ነው፡፡ የአንዲት ርካሽ ክዳን መድከም ቴስታታ ያጣምማል፡፡

ሦስተኛው ነዳጁ ነው፡፡ በድሮዎቹ መኪኖች ላይ የቤንዚን ፖምፓው ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ዳገት ላይ ሲግል በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ራሱ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፡፡ ፖምፓ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይችልም፡፡ መኪናው ይጠፋል፡፡ ሹፌሮቹ መድኃኒቱን ያገኙት ያለ መጽሐፍ ነው፤ ጨርቅ ውሃ ነክሮ ፖምፓው ላይ መጠምጠም፡፡ "አስማት" የሚመስለው ያ እርጥብ ጨርቅ ንጹሕ ፊዚክስ ነበር፡፡ በናፍጣ በኩል ደግሞ "አየር ያዘ" የሚባለው አለ፤ በቱቦው ቀዳዳ አየር ይገባና ሞተሩ ይጠማል፤ ብሎኑን ፈትቶ አየሩን እስኪያስወጡት ድረስ አይነሳም፡፡

ታሪክ የሌለው መኪና

ከዚያ ያገለገሉ መኪኖች ዘመን መጣ፡፡ መጀመሪያ እነ ዲኤክስ ኮሮላ፡፡ የሚጠግናቸው ሰው የማይጠፋ፣ ዕቃቸው በየሱቁ የሚገኝ፡፡ ቀጥሎ ከባሕር ማዶ ያገለገሉ፣ ኮምፒዩተር ያላቸው፣ ቤንዚናቸውን በኢንጄክተር የሚረጩ መኪኖች ጎረፉ፡፡ እነዚህ አየሩ ሲሳሳ ራሳቸው ለክተው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ፡፡ ፖምፓቸውም ሳልባትዮው ውስጥ ሆኖ ስለሚገፋ ቤንዚኑ እንደ ድሮው በቀላሉ አይፈላም፡፡ በወረቀት ላይ የሐረጎ ችግር አልቋል፡፡

ታዲያ ለምን ይጠፋሉ? ምክንያቱም መኪናው ሲመጣ ታሪኩ አብሮት አልመጣም፡፡

የአንዳችን አጎት አንዲት አነስተኛ የቤት መኪና ገዙ፡፡ ኪሎ ሜትሩ ሰማንያ ሺህ ይላል፤ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ግን ተልጦ አልቋል፡፡ ሁለቱ ምስክሮች አልተስማሙም ማለት ነው፤ እውነቱን የሚናገረው ደግሞ ሁልጊዜ ላስቲኩ ነው፡፡ መኪናዋ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ትጠፋለች፤ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች፡፡ አንዱ ጋራዥ ፖምፓ ቀየረ፡፡ ሌላው ካንዴላ ቀየረ፡፡ ሦስተኛው ጋራዥ ያገኙት ወጣት መካኒክ ግን መፍቻ አላነሳም፡፡ ጠየቃቸው፡፡

"ጋሼ፣ የሚጠፋብዎት ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ?"

"ሲሞቅ፡፡"

"ቀስ እያለ ደክሞ ነው ወይስ መብራት እንደ ማጥፋት?"

"እንደ መብራት ነው እንጂ፡፡"

"ቤንዚን ሞልተውም ይጠፋል?"

"ሞልቼም፡፡"

"እንግዲያው ነዳጁ ላይሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪኩን እንየው" አለ፡፡ ሞተሩ መዞሩን የምትቆጥረዋ ትንሽ ሴንሰር ሆና ተገኘች፡፡ ስትግል ውስጧ ይቋረጣል፤ ኮምፒዩተሩ "ሞተሩ ቆሟል" ብሎ ያምናል፤ እሳቱንና ቤንዚኑን ያጠፋል፡፡ ስትቀዘቅዝ ትመለሳለች፡፡ ቦቢናም እንዲሁ ያደርጋል፡፡ ዓይን አልነበረም፡፡

ልጁ ያደረገውን ልብ በሉ፡፡ ሐኪም "ሕመሙ መቼ ጀመረ?" ብሎ እንደሚጠይቀው ነው፡፡ የጠየቀው ታሪክ ነው፡፡ መልሱም እንደሚከተለው ይነበባል፡፡ ቀስ እያለ የሚደክም ሞተር ብዙ ጊዜ ነዳጅ ወይም አየር አጥሮታል፤ ፊልትሮው ተዘግቷል፣ ፖምፓው ደክሟል፣ ወይም ማርሚታው ታፍኗል፡፡ በአንዴ ጭጭ የሚል ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው፡፡ ነዳጁ ሲያንስ ብቻ ዳገት ላይ የሚጠፋ ደግሞ፣ መኪናው ሲያዘነብል ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፖምፓው አየርና ዝቃጭ እየሳበ ነው፡፡ በጄሪካንና በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው ዝቃጩንና ውሃውን አብሮ እንደሚቀዳ ይወቀው፡፡

ማርሚታው ታፍኗል ያልነው እንግዳ እንዳይሆንባችሁ፡፡ ዘመናዊ መኪኖች ጭሱን የሚያጣራ የማር እንጀራ የመሰለ ዕቃ አላቸው፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፡፡ ይህን ዕቃ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ያበላሸዋል፡፡ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ አስቀርተዋል፡፡ ዛሬ የሚደፍነው እርሳሱ ሳይሆን ዘይት የሚበላ ሞተር ጥላሸትና ካንዴላው ሳያነድደው የሚያልፍ ቤንዚን ነው፡፡ ሞተሩ ያስወጣውን ካላስወጣ አዲስ መተንፈስ አይችልም፡፡ ዳገት ላይ እንደታፈነ ሰው ያቃስታል፡፡

ቁልቁለቱ

እስካሁን ስለ መውጣት አወራን፡፡ ሞተር ሲጠፋ ሰው የሚሞተው ግን ብዙ ጊዜ በመውጣት ሳይሆን በመውረድ ላይ ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ ለሌላ ነገር ባይጠቅም ለዚህች አንቀጽ ይጥቀም፡፡

የቤት መኪና ፍሬን የሚቀልለው ከሞተሩ በሚገኝ የመሳብ ኃይል በሚሠራ ሰርቮ ነው፡፡ ሞተሩ ሲጠፋ ሰርቮው ውስጥ የተረፈው ኃይል ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ርግጫ ብቻ ነው የሚበቃው፡፡ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፡፡ መሪውም ይከብዳል፡፡ ስለዚህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሞተሩ ቢጠፋ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ አንዴ በሙሉ ኃይል ረግጣችሁ ሳትለቁ ያዙት፤ ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አምጡ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ ቁልፉን ግን አታውጡ፣ መሪው ይቆለፋልና፡፡ ከባድ መኪና ላይም ፍሬኑን የሚሞላው አየር የሚመጣው ሞተሩ ከሚያዞረው ኮምፕሬሰር ነው፡፡

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በዜሮ ማርሽ፣ አልፎም ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ የቆየ ልማድ ነው፡፡ በነዚያ የኤን ትሬ ዘመን ከድህነት የመጣ ዘዴ ነበር፤ ይገባናል፡፡ ግን ይህ አሽከርካሪ ሌላው የሚፈራውን ብልሽት በገዛ እጁ እየፈጠረ ነው የሚወርደው፡፡ ቁጠባውም ቁጠባ አይደለም፡፡ ኢንጄክተር ያለው መኪና በማርሽ ሲወርድ፣ ነዳጅ ካልተረገጠ፣ ቤንዚኑን ራሱ ያቋርጠዋል፡፡ በዜሮ ማርሽ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ብሎ ይጠጣል፡፡ አባቶቻችን በካርቡሬተር ዘመን የተማሩትን ጥበብ እኛ በኢንጄክተር ዘመን ስንደግመው ነዳጁንም ሕይወቱንም እናጣለን፡፡ ጥበብም ታሪኩ ካልተነገረ ያረጃል፡፡

ከዚህ ወዲያስ?

ነገሩ አሁን መልኩን እየለወጠ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፡፡ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ ብቻ መሆኑን አስታወቀ፡፡

የኤሌክትሪክ መኪና አይተነፍስም፡፡ አየሩ ቢሳሳ ግድ የለውም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ጉልበት ደሴም ላይ አለ፡፡ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል፤ ኤን ትሬው ፍሬኑን እያቃጠለ የወረደውን ቁልቁለት ይሄኛው እየተከፈለው ይወርደዋል፡፡ በመቶ ዓመት ውስጥ ሐረጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጥቶ የሚቀበል ሆነ ማለት ነው፡፡

ግን አንሸወድ፡፡ አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ በእጃችን ያሉት እያረጁ ይሄዳሉ፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ዋጋቸውም ቶሎ አይወርድም፡፡ ነገ ሐረጎ ላይ የሚወጣው ያገለገለ መኪና ከዛሬው ይበልጥ ያገለገለ ነው፡፡ ሲሞቅ የሚጠፋውን ሴንሰር በሦስት ጥያቄ የሚያገኝ መካኒክ ይበልጥ ያስፈልገናል እንጂ አያንስም፡፡ የኤሌክትሪክ መኪናውም ቢሆን አንድ ቀን ያገለገለ ይሆናል፤ ባትሪው ስንት ዓመት እንደሠራ፣ እንዴት እንደተሞላ፣ ማን እንደነካካው ሳይታወቅ ይሸጣል፡፡ የዚያን ቀን ደላላው አሁንም "ዳገቱ ነው" ይላል፡፡

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፡፡ እያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይኑረው፡፡ ባለሃምሳ ሉክ፡፡ ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ፊልትሮ መቼ እንደጸዳ፣ የትኛው ኩርባ ላይ እንደጠፋ፣ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ፣ ምን ሲቀየርለት እንደዳነ ይጻፍበት፡፡ መኪናው ሲሸጥ ደብተሩ አብሮ ይሸጥ፤ ገዢም "ደብተሩስ?" ብሎ ይጠይቅ፡፡ ጋራዥ ያላችሁም ከሞተር በታች ያረጀ ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ ትሬንታ ኳትሮ የፈታ፣ ለኤን ትሬ ታኮ የያዘ፣ ፖምፓ ላይ እርጥብ ጨርቅ የጠመጠመ ሰው ካለ፣ ቡና ጋብዙትና ጠይቁት፤ ጻፉት፡፡ የሱን ሙያ ማንም ማርሻል በሪፖርቱ ላይ አልመዘገበለትም፡፡

ፍሬናችሁን አይታችሁ ውረዱ፡፡ ቸር ያድርሳችሁ፡፡